የማይክሮስኮፕ ዕቁብ

«ሊባን፣ በአላህ ቀስ በል! ጉድጓድ ነው!»

ናፊሳ ይህን ስትጮኽ ባጃጇ ጉድጓዱን ዘልላው ነበር። ጭኗ ላይ ያቀፈችው ካርቶን ውስጥ ብረት ከብረት ጋር ተጋጨ። ክዳኑን ገለጥ አድርጋ አየች፤ የተሰበረ ነገር የለም። መልሳ ዘጋችውና በሁለት እጇ አጥብቃ ያዘችው።

«አንቺ ደግሞ ፍጠን ትያለሽ፣ ቀስ በል ትያለሽ» አለ ባለባጃጁ ሊባን ወደ ኋላ ሳይዞር። «አንዱን ምረጪ አቦ!»

«ፍጠን፤ ግን ቀስ ብለህ።»

«ሃዬ፣ እሺ!» አለና ሳቀ። የምትቀልድ መስሎታል።

እሷ የቀልድ አንጀት አልነበራትም። የደቻቱ ድልድይ ላይ ሲሚንቶ የጫነ አይሱዙ ጎማው ተንፍሶ ቆሟል። ከፊቱ ባጃጅ፣ ከኋላው ባጃጅ፣ መሀል ላይ ሐብሐብ የጫነ ጋሪ። ሁሉም ጡሩምባ ይነፋል፤ የሚንቀሳቀስ ግን የለም። ገና አራት ሰዓት ሳይሞላ የድሬ ፀሐይ የባጃጇን ሸራ አልፋ አናቷን ታነድደዋለች። ከድልድዩ ሥር ወንዙ ደርቆ ሰዉ በአሸዋው ላይ ይሻገራል። ወርዳ በእግሯ ልትሮጥ አሰበች፤ ካርቶኑ ከባድ ነው፤ አሸዋው ላይ ብትወድቅስ?

ስልኳ ጮኸ። የትምህርት ቤቷ ርዕሰ መምህር አቶ በቀለ ናቸው።

«የት ደረስሽ?»

«ድልድዩ ላይ ነኝ።»

«የትኛው ጫፍ?»

እውነቱን መናገር ፈራች። «መሀሉ ላይ» አለች።

«መጥተዋል!» አሉ አቶ በቀለ በሹክሹክታ። «ቢሮዬ ቁጭ ብለዋል። ሻይ እንኳ አልጠጡልኝም። ሴትዮዋ ጾመኛ ናት! ረቡዕ መሆኑን ማን አሰበው? በጀርባ በር ግቢ፣ በይ ቶሎ!»

ናፊሳ አንገቷን አውጥታ ወደ ፊት አየች፤ አይሱዙው አልተነቃነቀም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአካባቢው ሦስት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አሉ። ሦስቱም በየቤተ ሙከራቸው የሚሠራ ማይክሮስኮፕ አንድ አንድ ብቻ አላቸው። መስፈርቱ ግን ቢያንስ ሦስት ይላል። ከዚያ ያነሰ ያለው ትምህርት ቤት ነጥብ ይቀነስበታል፤ ነጥብ የተቀነሰበት ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ደግሞ ስሙ በስብሰባ ላይ ይነሳል፤ ስሙ ሲነሳ ቀና ብሎ የሚያይ የለም። ስለዚህ ሦስቱ ርዕሰ መምህራን አንድ ቀን ሲጫወቱ ውለው የማይክሮስኮፕ ዕቁብ ጣሉ። የክትትልና ድጋፍ ቡድን ሲመጣ ሦስቱም ማይክሮስኮፖች ተራ በደረሰው ትምህርት ቤት ይሰበሰባሉ። ቡድኑ ከዚያ ሲወጣ ማይክሮስኮፖቹም ወደሚቀጥለው ባለ ዕጣ ይሄዳሉ።

ዕቁቡ እስካሁን አንድም ቀን አልተሰበረም። እንዳይሰበር ያደረገው ሌላ ሳይሆን ቁርስ ነው። ቡድኑ የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት አይቶ ሲያበቃ አስተናጋጁ ርዕሰ መምህር ወደ ከዚራ ሰፈር ወስዶ ፈጢራ ይጋብዛል። ፈጢራው እስኪጋገር፣ ማሩ እስኪፈስበት፣ ሻዩ እስኪደገም፣ ካርቶኑ በባጃጅ ደቻቱን ተሻግሮ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ ይጠብቃል። ዘንድሮ ግን የቡድኑ መሪ ተለወጡ። አዲሷ መሪ ወይዘሮ ሸዋገነት ረቡዕና ዓርብ እስከ ስድስት ሰዓት እህል አይቀምሱም። ለቁርስ ሲጋበዙ አመስግነው ቀጥታ መኪና ውስጥ ገቡ። ሁለቱ የቡድኑ አባላትም ሆዳቸው እየጮኸ ተከተሏቸው።

ይህን ለናፊሳ የነገረቻት ፋና ናት፤ ከመጋላ በኩል ያለው የመጀመሪያው ትምህርት ቤት የቤተ ሙከራ ሠራተኛ። ካርቶኑን በአጥሩ ቀዳዳ ስታቀብላት፣ «እኔ ክርስቲያኗ እንኳ ረቡዕ መሆኑን ረሳሁት!» አለች። «ሩጪ ናፊሳ። እኔ አለፍኩ፤ አንቺም እለፊ።»

የናፊሳ ፍርሃት ከፋና ፍርሃት ይብሳል። ፋና ቋሚ ሠራተኛ ናት፤ ናፊሳ ኮንትራት። ውሏ ሰኔ ላይ ያልቃል፤ የሚታደሰውም አቶ በቀለ ሲፈርሙ ነው። ባሏ ሙመድ የሚሠራበት የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ከቀነሰ ወዲህ ቤቱን ቀጥ አድርጎ የያዘው የእሷ ደሞዝ ነው። ሙመድ ጠዋት ጠዋት ከእሷ ቀድሞ ይነሳና ለሥራ እንደሚወጣ ሰው ሸሚዙን ይቆልፋል፤ ከዚያ መልሶ ይቀመጣል።

አይሱዙው በስተመጨረሻ በሰው ግፊት ወደ ዳር ተነሳ። ሊባን ከሁለት ባጃጆች መሀል ሾልኮ ወጣ። ናፊሳ ዓይኗን ጨፍና «ቢስሚላሂ» አለች።

በጀርባ በር ገብታ ቤተ ሙከራው ስትደርስ ላብ ጀርባዋን አጥቦት ነበር። ማይክሮስኮፖቹን በመስኮቱ በኩል ብርሃን ባለበት ደረደረቻቸው። ጠዋት ያዘጋጀችውን ቀጭን የሽንኩርት ልጣጭ በመስታወቱ ላይ አነጠፈች፤ አዮዲን ጠብ አደረገችበት። ከችኮላዋ የተነሳ ሁለት ጊዜ ፈሰሰባት። ሦስተኛውን እንደጨረሰች ተማሪዎቹ ገቡ፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች፣ ጎበዝ ጎበዙ ብቻ ተመርጦ። ከኋላቸው የእግር ኮቴ ተሰማ።

«ይኸው ቤተ ሙከራችን» አሉ አቶ በቀለ በሩን ከፍተው። ፈገግታቸው ጆሯቸው ደርሷል፤ ዓይናቸው ግን ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሦስቱን ሲያዩ ትከሻቸው ወረደ።

ወይዘሮ ሸዋገነት አጠር ያሉ፣ ነጠላቸውን በትከሻቸው ጣል ያደረጉ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሴት ናቸው። ጠረጴዛውን ዞሩት። ከመካከለኛው ማይክሮስኮፕ ፊት ሲደርሱ ቆሙ። እጀታው ላይ ፋና ጥቁር ፕላስተር ጠቅልላበታለች። ናፊሳ ይህን ያየችው አሁን ገና ነው። ወይዘሮዋ ፕላስተሩን ጠዋት በፋና ትምህርት ቤት ሳያዩት አልቀሩም።

«ይሄ ሥሪት» አሉ ወይዘሮ ሸዋገነት፣ «እኔ ተማሪ ሆኜ የማውቀው ነው። እስካሁን አለ እንዴ?»

«ብርቱ ዕቃ ነው» አሉ አቶ በቀለ ፈጠን ብለው።

ተማሪዎቹ በየተራ ማየት ጀመሩ። ከፊት የተሰለፈችው ሀዊ ነበረች፤ በክፍሉ ጥያቄ የምታበዛ፣ ሐኪም እሆናለሁ እያለች የምትዝት ልጅ። ጎንበስ ብላ ዓይኗን አስጠጋች። ምስሉን የሚያስተካክለውን ቁልፍ በየት በኩል እንደሚያዞሩት አታውቅም ነበር፤ ናፊሳ እጇን ይዛ አዞረችላት።

«ዋዪ!» አለች ሀዊ። «ግድግዳ ነው እኮ! ጡብ በጡብ!»

ተማሪዎቹ ሳቁ። ወይዘሮ ሸዋገነትም ፈገግ አሉ።

«መጽሐፉ ላይ ያለውን ሥዕል ዝም ብለው የሳሉት ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እውነት ነው!» አለች ሀዊ። ከዚያ ቀና ብላ ናፊሳን አየቻት። «ቲቸር፣ ነገም አለ? ነገ መጥቼ ደግሜ ላየው እችላለሁ?»

ወይዘሮ ሸዋገነት ብዕራቸውን ይዘው መልሱን ይጠብቃሉ። አቶ በቀለ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አለ» አለች ናፊሳ። «ሁልጊዜም አለ።»

እስካሁን ካርቶን ተሸክማ ታውቃለች፤ አፏን ሞልታ ግን ዋሽታ አታውቅም ነበር። ያውም ለተማሪ። ነገ ሁለቱ ይሄዳሉ፤ የትምህርት ቤቱ የራሱ አንዱም እንዳይበላሽ ተብሎ ቁም ሣጥን ይቆለፍበታል። ሀዊ ደስ ብሏት ቦታ ለቀቀች። ናፊሳ አንገቷን ደፍታ መስታወት የምታጸዳ መሰለች።

ወይዘሮ ሸዋገነት ጽፈው ሲጨርሱ ደብተራቸውን ዘጉና «ደስ ይላል» አሉ። «እውነቴን ነው። እኔ እዚህ ሥራ ላይ ስመደብ ለመቆጣጠር ብቻ አልሄድም ብዬ ነው የገባሁት። ክትትልና ድጋፍ እንባላለን፤ ክትትሉን ሰዉ ጠግቦታል፤ ድጋፉን ግን ያየ የለም። ዘንድሮ ግን ተሳክቶልናል። አዲስ ማይክሮስኮፖች መጥተው መጋዘን ተቀምጠዋል። ለጎደለበት ሁሉ የሚበቁ ናቸው።»

የአቶ በቀለ ፈገግታ ባለበት ቆመ። «መጋዘን?» አሉ።

«አዎ። ከዚህ ሳምንት ክትትል በኋላ ይታደላሉ። መጀመሪያ ማን እንደጎደለበት በዓይኔ ልይ ብዬ ለማንም አልተናገርኩም፤ አስቀድሞ ከተነገረ ሁሉም ጎደለኝ ይላል። ዛሬ ያየኋቸው ሁለቱም ትምህርት ቤቶች ግን ሞልቶላቸዋል፤ ተመስገን ነው። እዚህ ካልተፈለገ ለሌላ ከተማ ይተላለፋል።»

«በጣም ጥሩ ነው» አሉ አቶ በቀለ። እንግዶቹን ይዘው ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄዱ።

ናፊሳ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። በገዛ እጃቸው! ብርሃን ባለበት መስኮት፣ በገዛ እጇ ደርድራ፣ ልጣጩን አንጥፋ፣ አዲሱን ማይክሮስኮፕ «አያስፈልገንም» ብላ መለሰችው። ልትስቅ ዳዳት፤ ዕንባዋ ቀደማት። ተማሪዎቹን ወደ ክፍላቸው ሸኘቻቸው። ሀዊ ስትወጣ በሩ ላይ ዞር ብላ ጠረጴዛውን አየችው።

ብዙም ሳይቆይ አቶ በቀለ ብቻቸውን ተመልሰው መጡ። በሩን ከኋላቸው ዘጉት።

«ጠቅልያቸው» አሉ። «ቤተ መጻሕፍቱን እያዩ ነው። ከዚያ ቀጥታ ወደ ሦስተኛው ነው የሚሄዱት። ሴትዮዋ ምሳም አትበላም ይሆናል፤ ሊባንን ጥሪውና ከታይዋን ገበያ ጀርባ ባለው አቋራጭ ይውሰድሽ።»

«አቶ በቀለ፣ እንንገራቸው።»

«ምን ብለን?»

«አንድ ነው ያለን ብለን። እውነቱን።»

«አሁን?» ሳቅ ሊሉ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። «ጠዋት ቢሆን እሺ። አሁን አይተው ጽፈዋል። አሁን ብንናገር የጎደለበት ትምህርት ቤት አንባልም፤ ያጭበረበረ ትምህርት ቤት ነው የምንባለው። እኛ ብቻ መሰልንሽ? ማዶ ያሉትም አብረው ይገባሉ። ሦስተኛውም። ሦስት ርዕሰ መምህር በአንድ ቀን!»

«ልጆቹስ? በሚመጣው ወር እኮ ይፈተናሉ። የዛሬዋን ካዩ በኋላ ሌላ አያዩም።»

«ልጆቹ በመጽሐፉ አልፈው ያውቃሉ።» መስኮቱን አዩ። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል። «ናፊሳ፣ እኔ ልጅ የማልወድ ሰው አይደለሁም። አሥራ ሁለተኛ የሚማር ልጅ እኔም አለኝ። ግን የፈራ ሰው ምን ያድርግ? ውልሽ ሰኔ ላይ ነው የሚያልቀው አይደል? ልፈርምልሽ ነው ያሰብኩት። ከልቤ ነው። ይህቺን ቀን በሰላም እንለፋት።»

ድምፃቸው ውስጥ ፍርሃት እንጂ ክፋት አልነበረም። ናፊሳን ይበልጥ ያስፈራትም ይኸው ነበር። ቢቆጧት መልስ አታጣም ነበር፤ ሲለማመጧት ግን «እሺ» አለች። እሳቸውም በረጅሙ ተንፍሰው ወጡ።

ካርቶኑን ከጠረጴዛው ሥር አወጣች። የመጀመሪያውን በጨርቅ እየጠቀለለች ሳለ ፋና ደወለች።

«እ? አለፍሽ?»

«አለፍኩ።»

«እልልል!» አለች ፋና ዝቅ ባለ ድምፅ። «ታዲያ ምነው ድምፅሽ?»

ናፊሳ የመጋዘኑን ነገር ነገረቻት።

«ለጎደለበት ሁሉ ይበቃል አሉ?»

«እንደዚያ ነው ያሉት።»

«እኔንም እኮ ጠየቁኝ ጠዋት። ‹የጎደለ ነገር አለ?› አሉኝ። ‹ምንም የለም› አልኳቸው። ዋይ እኔ! ምንም የለም አልኩ!» ፋና አለቀሰች ወይም ሳቀች፤ ናፊሳ አልለየችውም። «ተይው አቦ። አልፏል። ሦስተኛውም ይለፍና ሁላችንም እንገላገል።»

«ፋና፣ እኔ ብናገርስ?»

«ምን ብለሽ?» የፋና ድምፅ ተለወጠ። «ናፊሳ፣ እኔ ሁለት ልጅ አለኝ። በአንቺ አፍ እኔ አላልቅም። እህቴ እህቴ እየተባባልን እንዲህ አናድርግ።»

«አብሽሪ» አለች ናፊሳ። «ስምሽ ከአፌ አይወጣም።» ይህን ስትል ለመናገር ወስና አልነበረም። ቃሉ ግን ከአፏ ወጣ፤ ስትሰማው ደነገጠች።

ስልኩን ዘግታ ሦስቱንም ጠቀለለች። ካርቶኑን አነሳች። በስልክ የጠራችው ሊባን ጀርባ በር ላይ መጥቶ ሞተሩን እንዳበራ ይሰማታል። ከቤተ ሙከራው በር ወደ ግራ ከዞሩ የጀርባው በር ነው። ወደ ቀኝ ዋናው ግቢና የመኪና ማቆሚያው። በቀኝ በኩል የሰዎች ድምፅ ይመጣል፤ አቶ በቀለ እንግዶቹን እየሸኙ «ምሳ ሳትበሉ እንዲህ ትሄዳላችሁ?» ይላሉ፤ ወይዘሮ ሸዋገነት ያመሰግናሉ።

ናፊሳ ወደ ግራ ዞረች። ጥቂት ሄደችና ቆመች። ሦስተኛው ትምህርት ቤት ስትደርስ የምታየውን ታውቃለች፤ ሌላ ሴት ልጣጭ ታነጥፋለች፣ ሌላ ተማሪ ጎንበስ ብሎ «ዋዪ» ይላል፣ ወይዘሮ ሸዋገነት «ሞልቶታል» ብለው ይጽፋሉ። ከዚያ መጋዘኑ ተከፍቶ ሁሉም ተጭኖ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። እሷም ሰኔ ላይ ውሏ ይታደስና ይህችኑ አንዲት ማይክሮስኮፕ ስትወለውል ዓመቱን ትጨርሳለች። ሙመድ ሸሚዙን ሲቆልፍ ታያት። ቤት ኪራዩ፣ የሱቁ ብድር፣ የአቶ በቀለ ብዕር። ፈራች። እንደዚህ ፈርታ አታውቅም።

ዞረችና ወደ ቀኝ ሄደች።

ግቢውን ስታቋርጥ ስልኳ ጮኸ፤ ሊባን ነው፤ አላነሳችም። መኪናው በሩ ተከፍቶ ቆሟል። ሁለቱ የቡድን አባላት ገብተዋል። ወይዘሮ ሸዋገነት አንድ እግራቸውን መኪናው ላይ አድርገው አቶ በቀለን ይጨብጣሉ። አቶ በቀለ ናፊሳን ከነካርቶኗ ሲያዩ እጃቸው በወይዘሮዋ እጅ ውስጥ እንዳለ ደረቀ።

«ወይዘሮ ሸዋገነት» አለች ናፊሳ።

«አቤት የኔ ልጅ?»

«ይሄን ይዘውልኝ ይሂዱ።»

«ምንድን ነው?»

«ማይክሮስኮፖቹ ናቸው።»

«የት ነው የምወስደው?»

«እናንተ ወደምትሄዱበት ነው የሚሄዱት» አለች። «በባጃጅ ይንገላታሉ። በመኪናችሁ ቢሄዱ ይሻላል።»

«ትቀልዳለች» አሉ አቶ በቀለ። «ናፊሳ ቀልድ ትወዳለች።» ማንም አልሳቀም። ከኋላ ወንበር የተቀመጠው የቡድን አባል አንገቱን አውጥቶ ካርቶኑን አየ።

ወይዘሮ ሸዋገነት እግራቸውን ከመኪናው አወረዱ። የካርቶኑን ክዳን በአንድ ጣታቸው ገለጡት። ጥቁሩን ፕላስተር አዩ። ወደ ናፊሳ ቀና ሲሉ ፊታቸው ላይ ያለው ቁጣ ይሁን ሌላ ነገር አልታወቃትም።

«ጠዋት ያየኋቸውም…» አሉ።

የፋና ድምፅ ጆሮዋ ላይ ነበር። «ስለሌላው አልናገርም» አለች ናፊሳ። «እነሱን ራሳቸውን ይጠይቋቸው። ስለእኛ ግን ልንገርዎት።»

ካርቶኑን መኪናው ወንበር ላይ አሳረፈችው። ጨርቁን ፈታ ከሦስቱ አንዱን፣ መሠረቱ የዛገውን አሮጌ፣ አወጣችና ደረቷ ላይ አቀፈችው። ሁለቱን እዚያው ተወቻቸው።

«የእኛ ይሄ አንዱ ብቻ ነው» አለች።

አቶ በቀለ ስሟን ጠሩ፤ ቀስ ብለው፣ እንደ ልመና። እሷ አልዞረችም። ማይክሮስኮፑንም መልሳ ካርቶኑ ውስጥ አልከተተችውም።